እሳቱን የሚያውቁትን አታርቁ

ለደንና ለብሔራዊ ፓርክ ጥበቃ ኃላፊዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ በባሌ ተራሮች ላይ ስለሚበቅለው አስታ ስለሚባለው ቁጥቋጦ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የባሌ ደን ሲነድ ባለሙያ ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር መጥቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ደግሞ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱልን። ለደረሱልን ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። የእኛ አሠራር ግን ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ እሳት መለኮስን በጅምላ መከልከል፣ ከዚያም ጭስ እስኪታይ መጠበቅ።

አስታ እርጥብ ሳለም ይነድዳል። ግንዱ ቢቃጠልም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከቃጠሎ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ቁጥቋጦው አጭርና ስስ ስለሆነ እሳት አይዘልቅበትም፤ ዕድሜው ሲገፋ ግን ይጠቀጠቅና ነፋስ ለሚጠብቅ እሳት የተከመረ ማገዶ ይሆናል። የባሌ ከብት አርቢዎች ይህን ከአባቶቻቸው ተምረውታል። ማሪያ ዮሐንሰን፣ ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አርቢዎቹ አስታውን የሚያቃጥሉት ግጦሹ እንዲያምር፣ መርዛማ አባጨጓሬ እንዲጠፋና አውሬ መሸሸጊያ እንዲያጣ ነው። እሳቱ እንዳያመልጥም ከአንድ እስከ አራት ዓመት በፊት የነደደውን መሬት እንደ አጥር ይጠቀሙበታል። የተራራው አስታ በልዩ ልዩ ዕድሜ የተከፋፈለው በዚህ ነው።

እናንተ ይህን እውቀት ወንጀል አደረጋችሁት። በእኔ እምነት ክልከላው እሳቱን ባለቤት አሳጣው እንጂ አላስቀረውም። መለኮስ የሚያስቀጣ ከሆነ ማንም ለኩሶ ይሸሻል፤ ቆሞ የሚጠብቀው፣ ነፋሱን የሚያይለት የለም። ሪራን የመሰሉ የባሌ መንደሮች ደግሞ ቤታቸው ከአስታውና ከሐረና ደን ጥግ ስለሆነ ያመለጠ እሳት ያሰጋቸዋል።

ሁሉም ይቃጠል ማለቴ አይደለም። የሐረና ጥቅጥቅ ደን፣ የጽድ ዛፍና ያረጀው ረጅም አስታ ከእሳት ይጠበቁ። የነደደውም ቦታ ወዲያው ከብት ከበዛበት ለጋው ቡቃያ ተግጦ ያልቃል፤ እሱም ደንብ ይፈልጋል። ደንቡን ግን ቢሮ ተቀምጣችሁ ለብቻችሁ አታወጡትም።

ስለዚህ ከመጪው በጋ በፊት ወደ ተራራው ውጡ። ሽማግሌዎቹንና እረኞቹን ሰብስባችሁ የትኛው አስታ መቼ እንደነደደ ጠይቁ፤ የሚቃጠለውን፣ የሚጠበቀውንና በሚቃጠልበት ዕለት ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው አብራችሁ ወስኑ። ያን ቀን የሚለኩሰውን ሰው አታስሩት፤ አጠገቡ ቁሙ።