የደመወዝተኛ ልጅ በየትኛው በር ይግባ?



እኛ በአንድ ዶርም የምንኖር አራት ሰልጣኞች ነን። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ስንጨዋወት የአራታችንም ታሪክ አንድ ሆኖ አገኘነው። 12ኛ ክፍል እንደጨረስን ሁላችንም በየአገራችን የግል ኮሌጅ በር አንኳኩተናል፤ የነፃ ትምህርት ዕድልም ጠይቀን ተከልክለናል። ምክንያቱ ወላጆቻችን ደመወዝተኞች መሆናቸው ነው። የሁለታችን አባቶች አስተማሪዎች፣ የአንዳችን የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ የአንዳችን እናት ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው።

እንደሚታወቀው ይህን ዕድል ለማግኘት የሚጠየቀው ከቀበሌ የሚጻፍ የችግረኛነት ማስረጃ ነው። ከመካከላችን አንዱ ይህን ለማስጻፍ ሦስት ቀን ተመላልሶ በመጨረሻ መስኮቱ ዘንድ ደረሰ።

«አባትህ ምን ይሠራሉ?»

«አስተማሪ ናቸው።»

«እንግዲያማ ደመወዝተኛ ናቸዋ! ይኸ የሚጻፈው ለደሃ ደሃ ነው።»

አለቀ። ከኋላው ተሰልፎ የነበረ የባለሱቅ ልጅ ግን ማኅተሙን አስመትቶ ወጣ። የአባቱ ገቢ ወረቀት ላይ የለማ! በልጁ አንቀየምም፤ መማር ለእሱም ይገባዋል። የሚያበሽቀን ግን የሚታይ ገቢ ያለው ሰው ሁሉ እንደ ሀብታም መቆጠሩ ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የአንድ ቤት የወር ደመወዝ 10,000 ብር ነው እንበል። ገና ከእጅ ሳይገባ ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ይቆረጣል፤ ግብሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ከዚያ የቤት ኪራይ አለ፤ ጤፍ አለ፤ ዘይት አለ፤ ዕድር አለ፤ ገጠር ላሉት አያት የሚላክም አለ። በላዩ ላይ ሦስት ልጆች ይማራሉ። ኮሌጁ በበኩሉ መመዝገቢያ፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ የሞጁልና የፎቶኮፒ ይጠይቃል፤ ታክሲውን ተዉት። ቀበሌው የሚያየው 10,000 የሚለውን ቁጥር ነው። ወር በገባ በሃያኛው ቀን እናታችን ከጎረቤት ስኳር ስትበደር ማን ያያታል?

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካም ፋፍሳ የሚባል ቅጽ አለ፤ የቤተሰቡን ገቢ፣ ንብረትና ብዛት ይጠይቃል። ቀድሞ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ከገቡ ወላጅ ይከፍላል ተብሎ የሚገመተው ገንዘብ ይካፈል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ስለዚህ እዚያም መካከል ላይ የቀረ ደመወዝተኛ ያማርራል። ቢሆንም እነሱ ቢያንስ ብዙ ጥያቄ ይጠየቃሉ። እኛ የተጠየቅነው አንድ ብቻ ነው፤ «አባትህ ምን ይሠራሉ?»

የወጪ መጋራት ደንብ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፍል ውል የሚያስገባ ነው። ታዲያ የግል ኮሌጅ ተማሪ ለምን ቀድሞ ይክፈል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። የመንግሥቱ በር እንዲህ ከጠበበ በግል የሚማረውም በኋላ የሚከፍልበት ውል ሊኖረው ይገባል እንላለን።

«ተመርቆ ቢጠፋስ?» የሚል አይታጣም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛም ዶርም ውስጥ ተከራክረንበታል፤ አንዳችን አሁንም አላመነም። የሦስታችን መልስ ግን ያው የደመወዝ ወረቀት ነው። አባትን ከነፃ ዕድል ያስወጣ ወረቀት ለልጁ ዋስ ይሁነው። የኮሌጆቹም የነፃ ዕድል ኮሚቴዎች ማኅተም ብቻ ከማየት ይልቅ ስንት ልጅ እንደሚማር፣ ቤቱ የኪራይ ይሁን የራስ፣ ከተቆራረጠ በኋላ ምን እንደሚተርፍ ቢጠይቁ ግማሽ ገጽ አይፈጅም።

መምህራኖቻችን አይቀየሙን እንጂ፣ ከአራታችን ሁለታችን ወደዚህ ተቋም የመጣነው መምህርነትን መርጠን ሳይሆን ሌላው በር ስለተዘጋብን ነው። አሁን ሙያውን ወደነዋል፤ ለልምምድ ክፍል ገብተን ስናስተምር ደስ ይለናል። ግን ነገ እኛም ደመወዝተኛ ወላጆች መሆናችን አይቀርም፤ ልጆቻችንም እዚያው መስኮት ፊት ይቆማሉ።

የአንዳችን እህት ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። አባትየው ካሁኑ የአንዱን ኮሌጅ ዋጋ ጠይቀው መጥተዋል። ባለፈው እሑድ ስልክ ሲደውሉ፣ «ማስረጃውን ደግሞ ልሞክረው እንዴ?» ብለው ጠየቁት።