ከቆራሌው በፊት የሳንቲም ቀዳዳውን እዩ

ከጊምቢ አንድ አባት ደውለው ነበር። የወላጅ አባታቸው ቡና ቤት ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዕቃ ቤቱ ሲጸዳ ከጆንያ ክምር ሥር ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ፊቱ መስተዋት የሆነ፣ ተርታውን ቁልፎች ያሉበት፣ በጎኑም የሳንቲም ቀዳዳ ያለው ትልቅ ሣጥን ተገኘ። ልጆቻቸው «ቆራሌው በኪሎ ይውሰደው» ይላሉ። አንድ ጎረቤት ደግሞ «ውስጡ ሚሊዮን የሚያወጣ ነገር አለ» ብሎ አስጎምጅቷቸዋል። ምን ላድርግ? ነው ጥያቄያቸው። ሁለቱንም አይስሙ አልኳቸው።

ሣጥኑ ጁክ ቦክስ ነው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሳንቲም ከትተው፣ ፊደልና ቁጥር ተጭነው፣ ብረት እጁ ከሸክላዎቹ መሀል አንዱን መዝዞ ሲያስቀምጥ በመስተዋቱ ማየት ከዘፈኑ እኩል ያስደስት ነበር። የቡና ብር ሞቅ ባደረጋቸው የወለጋ ከተሞች እኛ ልጆች ከውጭ ቆመን፣ ሌላው በከፈለው ሳንቲም እንሰማ ነበር። ወደ ውስጥ መግባትማ ማን ፈቅዶልን!

ፈረንጆች ለእነዚህ የሳንቲም ማሽኖች ሙሉ ቤት ነበራቸው። አንድ ሳንቲም ከፍለው የሚጫወቱበት ስለሆነ «ፔኒ አርኬድ» ይሉታል። ዕድል የሚነግር፣ ጉልበት የሚለካ፣ በቀዳዳ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያሳይ፣ ክብደት የሚመዝን ሁሉ በአንድ አዳራሽ ይደረደራል። አሳቡ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል። የእስክንድርያው ሄሮ ከ1,900 ዓመት በፊት፣ ሳንቲም ሲጣልበት በቤተ መቅደስ ደጃፍ ለመታጠቢያ የሚሆን ውኃ የሚያፈስ ዕቃ በጽሑፉ ገልጿል። ሳንቲሙ በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ በክብደቱ ዘንጉን ሲጫን የውኃው ክዳን ይከፈታል፤ ሳንቲሙ ተንሸራቶ ሲወድቅ ይዘጋል። እጅ ለማስታጠብ መሆኑ ለእኔ ልዩ ደስታ ይሰጠኛል፤ ያው የለመድኩት ሥራ ነውና።

በእኛ አገር ያን ያህል ዓይነት አልነበረም። ጁክ ቦክስ ነበር፣ የሳንቲም ስልክ ነበር፣ ጆተኒ ነበር። ጆተኒ ዛሬም አለ። ከጣሊያን በመጣው ዓይነት ሳንቲም ከትተው እጀታውን ሲስቡት ኳሶቹ ግር ብለው ይወርዳሉ። አብዛኛው ግን የሠፈር አናጢ ሥራ ነው፤ በዚህኛው ሳንቲሙን የሚቀበለው ቀዳዳው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ጆተኒ ያላችሁ አትናቁት፤ ከፋብሪካው ይልቅ የሚጠቅመን እርሱ ነው እላለሁ። ፋብሪካው ሺህ አውጥቷል፣ አናጢው ግን አንድ ነው የሠራው። የአናጢውን ስም የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ከሥሩ ጻፉበት።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንምጣ። የማሽን ዕድሜ ከቀለሙ አይታወቅም፤ ቀለም ይታደሳል። ቀዳዳው ግን በዘመኑ ለነበረው ሳንቲም የተበጀ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እውነቱን ይናገራል። የቀዳዳው ርዝመት የሳንቲሙ ስፋት ነው፣ የቀዳዳው ጥበት ደግሞ ውፍረቱ።

የጃንሆይ ምስል ያለባቸው ሳንቲሞች አብዛኞቹ 1936 ይላሉ፤ ዓመቱ ሳይቀየር ለረዥም ጊዜ ታትመዋል። የአገሪቱ አዲስ ገንዘብ በሕግ የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ከእነዚህ ውስጥ ታሪክ ያለው ሃያ አምስቱ ነው። መጀመሪያ ክብ ነበር፤ መልኩ መዳብ፣ ስፋቱ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር የተቀራረበ። ብልጣ ብልጦች ብር እየቀቡ ሃምሳ ነው እያሉ ማለፍ ጀመሩ። መንግሥት ሰብስቦ በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. ገደማ ዳሩን እንደ አበባ አስቆርጦ መልሶ አወጣው፤ በጨለማ እንኳ በጣት እንዲለይ። እናቶቻችን በመቀነታቸው ጫፍ የሚቋጥሩት ያ ባለ አበባ ዳር ሃያ አምስት ይኸው ነው። ክቡ፣ ያልተቆረጠው፣ ቤታችሁ ካለ አስቀምጡት፤ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት እርሱን ነው።

ከአብዮቱ በኋላ የወጡት የአንበሳ ራስ ያለባቸው ደግሞ 1969 ይላሉ። አምስት ሳንቲሙ 20 ሚሊ ሜትር፣ አሥሩ 23፣ ሃምሳው 25 ነው። ሃያ አምስቱ ግን አንሶ 21 ሚሊ ሜትር ከምናምን ሆነ። ስለዚህ የማሽናችሁ ቀዳዳ ባለ አበባ ዳሩን አላስገባ ብሎ የአንበሳውን ሃያ አምስት ልክክ አድርጎ ከተቀበለ፣ ቀዳዳው ከ1969 ወዲህ የተሠራ ወይም የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ባለ አበባ ዳሩን ልክክ አድርጎ የሚቀበለው ደግሞ የጃንሆይ ዘመን ነው ማለት ይቻላል። በሃምሳ ሳንቲም ግን አትፍረዱ፤ የድሮውም የአዲሱም ስፋት ተቀራራቢ ነው።

ሌላም አለ። በብዙ ማሽኖች ከቀዳዳው ጀርባ ትንሽ ማግኔት ትቀመጣለች፤ ሥራዋ በሳንቲም ምትክ የሚከተተውን የብረት ቁራጭ መያዝ ነው። በቅርብ ዓመታት የታተሙት የእኛ ሳንቲሞች ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው ልባስ ስለሆነ ማግኔት ይስባቸዋል። ባለ ማግኔቱ አሮጌ ማሽን የዛሬውን ሳንቲም እንደ ሌባ ይይዘዋል። «ተበላሽቷል» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት በአሮጌ ሳንቲም ሞክሩት።

ከጀርባው ወይም ከበሩ ውስጥ የብረት ሰሌዳ ፈልጉ። ውርሊትዘር፣ ሲበርግ፣ ሮክ ኦላ፣ ኤኤምአይ የሚሉ ስሞች የአሜሪካ ናቸው። ባለ 45 ዙር ትንሿን ሸክላ የሚያጫውት የመጀመሪያው ጁክ ቦክስ የሲበርግ ሲሆን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ወጣ፤ ስለዚህ ትንሿን ሸክላ ብቻ የሚቀበል ሣጥን ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ከስሙ ሥር የኤሌክትሪኩን ቁጥር አንብቡ። የአሜሪካ መብራት 110 እስከ 120 ቮልት፣ 60 ሳይክል ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ሳይክል። ያለ ትራንስፎርመር እኛ ሶኬት ላይ የተሰካ የአሜሪካ ማሽን ይቃጠላል፤ ቤቱንም ሊያቃጥል ይችላል። ትራንስፎርመር ቢኖረውም ሞተሩ ለ60 ሳይክል የተሠራ ከሆነ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ 45 የነበረው ዙር ወደ 37 ይወርዳል፣ ሴቷ ዘፋኝም የወንድ ድምፅ ታወጣለች። አሮጌ ሽቦ ልባሱ ስለሚፈረፈር፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው ማንም አይሰካው።

እዚህ ላይ ስለ ልጆቹ አንድ ሁለት ነገር ልበል። አሮጌ የብረት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አያት በጥሩ ሐሳብ ሣጥኑን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ፣ አቧራው መሬት ላይ ለሚድኸው የልጅ ልጅ ይደርሳል፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ አትፈግፍጉት፤ ውጭ አውጥታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም ጣሉት። ሁለተኛው ሳንቲሙ ራሱ ነው። በሥራ ዘመኔ ሳንቲም የዋጠ ልጅ ታቅፈው የሚሮጡ እናቶች ብዙ አይቻለሁ። ጣት ከትታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ እንዲያስታውከውም አታድርጉ። ምራቁ ከአፉ ከፈሰሰ፣ ከታነቀ፣ ደረቴን ካለ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ምንም ባይልም በራጅ ይታይ፤ ሳንቲም ጉሮሮ ሥር ተቀምጦ ዝም ይላል። የዋጠው እንደ ሳንቲም የምትመስለውን ክብ ባትሪ ከሆነ ግን በሰዓታት ውስጥ ታቃጥላለችና ጊዜ የለም።

ወደ «ሚሊዮኑ» ልመለስ። በአሮጌ ዕቃ ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» አለ የሚለው ወሬ ያልዞረበት አገር የለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በሳውዲ ዐረቢያ ሰዎች አሮጌ የሲንገር ስፌት መኪና በማይታመን ዋጋ ሲገዙ የነበረው በዚሁ ወሬ ነው። እንዲህ ያለ ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ተአምረኛ ነገር የለም። ወሬውን ይዞ የሚመጣው ሰው መጨረሻ ላይ «ለመመርመሪያ» ወይም «ለደላላ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ልጆቻችሁ ሥራ ላይ በሚውሉበት ሰዓት፣ ብቻችሁን ቤት ስትሆኑ ይመጣል። በር ላይ አሰናብቱት።

መሸጥ ነውር አይደለም፣ ግን በኪሎ አይደለም። ከመሸጣችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ የሰሌዳውን ጽሑፍ ገልብጡ፣ ቀዳዳውን ለኩ፣ ማን ከየት እንዳመጣው ጻፉ። ማሽኑ የቆመበት ቡና ቤት ስም፣ አንድ ዘፈን በስንት ሳንቲም እንደነበር፣ የትኛው ዘፈን እስኪላጭ እንደተደመጠ፤ ይህ ሁሉ የማሽኑ አካል ነው፤ ያለዚህ ብረት ብቻ ይሆናል። ነቀምቴ የወለጋ ሙዚየም አላት፤ እዚያ ሄዶ «ትፈልጉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አያስከፍልም። ውጭ ያሉ ልጆች «ላኩልኝ» ካሉም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለሚከለክል፣ በተለይ ከአሮጌ ሳንቲሞች ጋር ከሆነ አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ማሽኑ ባይኖራችሁ እንኳ ሸክላው ሊኖራችሁ ይችላል። አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ሸክላ ማሳተም ከጀመሩ በኋላ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አውጥተዋል፤ እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ የሚታተሙት በህንድ፣ በሊባኖስና በግሪክ ነበር። ከእነዚያ ወይም ከሌሎቹ አንዱ እጃችሁ ካለ መሀሉን እዩ። ቀዳዳው 38 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፊ ከሆነ፣ በተለይም ጠባቡ መሀል ተሰብሮ የወጣ ከሆነ፣ ምናልባት በጁክ ቦክስ ውስጥ የዞረ ነው። አንዱን በአንዱ ላይ አትከምሩ፤ እንደ መጽሐፍ አቁሙት፣ ከፀሐይና ከምድጃ ራቅ አድርጉ፤ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ክቡን ተከትላችሁ ጥረጉት፣ በአልኮል ግን አይሆንም።