ሸክላ በጅቡቲ ሙቀት

ሸክላ የተባለው የሙዚቃ ዲስክ ስሙን ከጀበና ጋር ቢጋራም እሳት የሚችል አይደለም። በጅቡቲ ከተማ የሐምሌ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በመስኮት አጠገብ ለፀሐይ የተተወ ሸክላ ይጣመማል፤ ከተጣመመም መቃናቱ ጭንቅ ነው። ስለዚህ የጃዝ ሸክላዎቻችንን ሳናነባብር፣ እንደ መጽሐፍ አቁመን ከጥላ እናኖራቸዋለን፤ የምንሰማቸውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በመደርደሪያው ላይ አለ፤ አጠገቡም የጅቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሙዚቃ ጓድ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሸክላ ቆሟል። የሙላቱ ቪብራፎን በዝግታ ሲንቆረቆር፣ የጎረቤቱም ሳክስፎን ከሶማሊኛው ዘፈን ጋር ሲከተለው፣ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕሩ ያለውን የባቡር መንገድ በአንድ ማታ የተጓዝን ይመስለናል። ልጆቻችን ሸክላውን ጠርዙን ብቻ ይዘው ማንሣትን ተምረዋል፤ እንግዶቻችን ግን ገና ናቸው።