የቲም እንደ ሐውልት አይጎበኝም

«በጎ ፈቃደኛ ሆነህ አገር ጎብኝ» የሚለው ማስታወቂያ ስልካችሁ ላይ ሳይመጣ አልቀረም። ጠዋት የቲሞችን ታስተምራለህ፣ ከሰዓት ታሪካዊ ቦታ ታያለህ። ከፋዩም አንተው ነህ። መጓዙና ታሪክ ማየቱ ነውር የለበትም። ነውሩ ሕፃን የጉብኝቱ አካል ሲሆን ነው።

ካምቦዲያን እንይ። ሲየም ሪፕ ከተማ አጠገብ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተገነባው አንግኮር ዋት አለ፤ ዓለም ሊያየው ይጎርፋል። ጎብኚው ሲበዛ ማሳደጊያውም በዛ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ቁጥሩ በ75 በመቶ ጨመረ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ይህ ሁሉ የቲም ከየት መጣ? ዩኒሴፍ እንዳለው ከአራቱ ልጆች ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው! ድሃ ወላጅ «ልጅህ ይማርልሃል» ይባልና ልጁን ይሰጣል። ልጁ ለእንግዳ ይጨፍራል፣ እንግዳው ብር ይሰጣል። አውስትራሊያ በ2018 ይህን ንግድ ከዘመናዊ ባርነት ቆጥራዋለች።

በእኛ ዘንድ የቲም አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። እናቱ ካለች ደግሞ እርዳታው እናቱ ቤት ድረስ ይሄዳል እንጂ ልጁ ከእቅፏ አይወጣም። (በዒድ ሰሞን የቲም አቅፎ ፎቶ መለጠፉን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።)

«ኒያዬ ጥሩ ነው» የሚል አይጠፋም። ልጁ ግን ኒያህን አያይም። የሚያየው በየሁለት ሳምንቱ አቅፎት የሚጠፋ አዲስ ሰው ነው። በአውሮፕላን ቲኬትህ ዋጋ የአገሩ መምህርት ስንት ወር ታስተምረው ነበር?

አንግኮር ዋትን ማየት ከፈለግህ ሂድ፤ ለአገሬው አስጎብኚ ክፈል፣ በአገሬው ሰው ቤት እደር። የማሳደጊያውን በር ግን አታንኳኳ።