ቁሙ በሉንና ቁጠሩ

ትልቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ ብድግ ተብሎ «ኖር!» ይባላል፤ እሳቸውም «በእግዜር!» ብለው ያስቀምጡናል። እንዲህ ተደርገን ነው ያደግነው፤ ቅሬታም የለንም። ችግሩ፣ እኛ ብድግ ስንል «በእግዜር» የሚለው መልስ አይሰማንም። ጆሯችን ጭው ብሏል፣ ዓይናችን ጨልሟል፣ ልባችን ደግሞ ሌባ ሲያባርር እንደቆየ ሰው ልብ ይደልቃል። ግድግዳውን ተደግፈን ፈገግ ለማለት እንሞክራለን። ሰውየው ትንሽ ያዩንና «የዘንድሮ ልጆች እኮ ምግብ አትበሉም!» ይላሉ። (ገና አሁን ሽሮ በልተን መነሳታችን ነው። እንዲያውም ከበላን በኋላ ነው የሚብሰው።)

እኛ ማለት አራት ነን። አንዲት አስተማሪ፣ አንዲት ቡቲክ ውስጥ የምትሸጥ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተዋወቁት መገናኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቁጢጥ አሉ። ሰልፍ ላይ ቁጢጥ የሚል ሰው ብዙ የለምና ተያዩ። «አሞሽ ነው?» «አይ፣ መቆም ስለማልችል ነው።» ከዚያ ስልክ ተለዋወጡ። ሌሎቻችን በሰው በሰው ተጨመርን።

ቅዳሜ ቅዳሜ አስተማሪዋ ቤት እየተሰበሰብን ሕመማችንን ማወዳደር ጀመርን። ያስቃል አይደል? ሌላው ወጣት የአርሰናልንና የማንቸስተርን ውጤት ያወዳድራል፤ እኛ የማዞር ዓይነት እናወዳድራለን። ግን ለዓመታት «እኔ ላይ ብቻ ነው» ብሎ የኖረ ሰው፣ ሌላ ሰው ያንኑ ነገር በራሱ አፍ ሲናገረው መስማት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሻጯ «ሻወር ውስጥ ባልዲ ገልብጬ ካልተቀመጥኩ መታጠብ አልችልም» ስትል አስተማሪዋ ሲኒዋን አስቀምጣ ጮኸች። እሷም ባልዲ አላት፤ የእሷ ሰማያዊ ነው። ሙቅ ውሃ ሲነካን እግራችን ይከዳናል፣ ላብ ያጠምቀናል። ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ መቀመጥም ያው ነው፤ መቀመጡ ደህና ነው፣ ከዚያ ሙቀት ወጥቶ መነሳት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ተማሪው ካስክ አያውቅም፤ የእሱ ፈተና ሶላት ነው። ከሱጁድ ቀና ብሎ ሲቆም ነው ዓለም የሚዞርበት፤ በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስለማይቀምስ ከአስር ሶላት በኋላ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። አስተማሪዋ ደግሞ ቅዳሴ። ወንጌል እስኪነበብ ትቆምና ከዚያ ወደ አጥሩ ሄዳ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። አጠገቧ ያሉት እናቶች እሷን ማየት፣ ከዚያ ነጠላቸውን ማስተካከል… የሚሉትን ሳይሉት እናውቀዋለን።

ቡና ላይ ግን ተለያየን። ሻጯ አቦሉን ከጠጣች ነቃ ትላለች፣ ጭጋጉም ይገፈፍላታል። ተማሪው አንድ ሲኒ ከጠጣ ልቡ እስከ ማታ አይመለስም። ራስ መሳት ላይም ተለያየን፤ ሙሉ በሙሉ ወድቃ የምታውቀው ሻጯ ብቻ ናት፣ ሌሎቻችን ጫፉ ላይ ደርሰን የምንመለስ ነን። አስተማሪዋን የሚያስጨንቃት ደግሞ ማዞሩ ሳይሆን መርሳቱ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሃያ ደቂቃ ከቆመች በኋላ ዐረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ቃሉ ይጠፋታል። ጠመኔውን ይዛ ትቆማለች፤ አርባ ምናምን ልጅ ያያታል። ስትቀመጥ ቃሉ ይመጣል።

እግርም አለ። በውጭ አገር መጻሕፍትና ፊልሞች ላይ የሚታየው የእንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ እግር ሲቆም ቀይ ወይም ሐምራዊ ይሆናል፤ ደም ስለሚጠራቀምበት ነው። ፎቶዎቹ በአብዛኛው የነጭ ሰው እግር ናቸው። በእኛ ቆዳ ላይ ያ ቀለም እንደዚያ ፈክቶ አይታይም። ጠቆር ይላል፣ ይከብዳል፣ ጫማ ይጠብባል፣ የእግር መዳፍ ላይ ምናልባት ልዩነቱ ይለያል። ሻጯ ለዓመታት «ጫማዬ ነው» እያለች ጫማ ስትቀይር ኖራለች። ከደመወዟ ስንቱ ለጫማ እንደሄደ እሷ ትንገራችሁ።

አሁን ወደ ሕክምናው። አራታችን የተሰጡንን ስሞች አንድ ወረቀት ላይ ጻፍናቸው። ጨጓራ፣ ደም ማነስ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ «የምግብ እጥረት»፣ ጭንቀት። ሻጯ ለታይፎይድ ብቻ አምስት ጊዜ ታክማለች። ከቤተሰብ በኩል የመጣው ደግሞ ሌላ ዝርዝር ነው፤ ዓይን፣ ፍቅር ይዟት፣ ስንፍና። ከሁሉም ያናደደን ስንፍናው ነው።

ስሙ የተገኘው በአስተማሪዋ ነው። የእሷ የጀመራት በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ ከያዛት በኋላ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ዘንድ ገባች። እንደ ሌሎቹ ምን እንደሚያማት ጠየቃትና ሌሎቹ ያልጠየቋትን አንድ ነገር ጨመረ፤ «ተኝተሽ ሳለሽስ ያምሻል?» ይህን ጥያቄ ማንም አቅርቦላት አያውቅም ነበር። አልጋው ላይ አስተኝቶ አቆያትና ደም ግፊቷንና የልብ ምቷን ለካ። ከዚያ «ቁሚ፤ እንዳትደገፊ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» አላት። ለአሥር ደቂቃ በየመሀሉ ለካ። ተኝታ 70 የነበረው የልብ ምት በአሥረኛው ደቂቃ 112 ደረሰ። ደም ግፊቷ ግን አልወረደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲቆም ከግማሽ ሊትር እስከ 800 ሚሊ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ ሆድና ወደ እግር ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ይህን አያውቀውም፤ ሳናዘው ልብን፣ ደም ሥርን፣ ላብን፣ አንጀትን የሚያስተዳድረው የነርቭ ሥርዓት ደም ሥሮቹን ጠበብ ያደርግና ደሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ልብም ትንሽ ፈጠን ብሎ ይረጋጋል። የዚህ ሥርዓት አሠራር ሲዛባ ግን ልብ የጎደለውን በሩጫ ለመሙላት ይሞክራል። ከበላን በኋላ የሚብሰው ደሙ ወደ አንጀት ስለሚሄድ ነው፤ ሙቀት የሚያብሰው ደም ሥሮቹ ስለሚሰፉ ነው። ሰውነት ለዚህ ሩጫ አድሬናሊን ሲረጭ ደግሞ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ሆድ ይላወሳል። ከውጭ ሲታይ የፈራ ሰው ነው የሚመስለው። «ጭንቀት» የሚለው ስም ከዚህ ነው የመጣው።

በ1871 (እ.ኤ.አ.) ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በእርስ በርስ ጦርነቱ ያያቸውን፣ ልባቸው ያለ ምክንያት የሚደልቅ፣ የሚያዞራቸውና የሚደክማቸው ወታደሮች ጉዳይ ጽፎ ነበር። ዛሬ ፖትስ የሚባለው ስም የተሰጠው ግን በ1993 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ሾንዶርፍና ሎው የተባሉ ሐኪሞች ናቸው ያወጡት። ያዥው በብዛት ወጣት ሴቶችን ነው። ብዙ ጊዜ ከኢንፌክሽን በኋላ ይጀምራል፤ ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ ስሙን የሚያውቀው ሐኪም በየአገሩ በርክቷል። መለኪያው ቀላል ነው። ከተኙበት ተነስተው በቆሙ በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት በደቂቃ 30 ወይም ከዚያ በላይ መጨመር፤ ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉ 40። ደም ግፊቱ መውረድ የለበትም፤ ከወረደ ሌላ ሕመም ነው። ምልክቱ ቢያንስ 3 ወር መቆየት አለበት፤ ደም ማነስ፣ የውሃ እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና መድኃኒት አለመሆናቸውም መጣራት አለበት።

ይቺን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እኛ ዘለልናት።

አስተማሪዋ ስሙን ይዛ ስትመጣ ቅዳሜያችን ሠርግ ሆነ። «ያንቺ የኛም ነው!» አልን። ምልክቱን አወዳድረን የለ? ሁሉ ነገር አንድ ነው! ሐኪሙ ለእሷ ያዘዘላትን ሁላችንም ያዝነው። ቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ፣ ምግብ ላይ ጨው ጠንከር ማድረግ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ጥብቅ ካልሲ። ልጆች ሲያስቀምጣቸው የሚበጠበጥላቸውን ኦ.አር.ኤስ. በጠርሙስ ይዘን መዞር ጀመርን። ሻጯና ተማሪው በእርግጥ ተሻላቸው። የሒሳብ ሠራተኛዋ አልተሻላትም። እኛ ምን አልን? «ጨው ጨምሪ!» ሁለት ወር ሙሉ።

ያንኑ ሐኪም አስተማሪዋ በቀጠሮዋ ቀን አገኘችውና ሦስት ጓደኞቿን እንዳዳነች በኩራት ነገረችው። አልሳቀም። «ለክታችኋቸዋል?» አለ። አልለካንም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለካን፤ በስልክ ሰዓት፣ ጣት አንጓ ላይ አድርገን፣ አንዱ ሲቆም ሌላው አጠገቡ ሆኖ። ሻጯ ከ74 ወደ 118። ተማሪው ከ66 ወደ 103። የሒሳብ ሠራተኛዋ ተኝታ ሳለች 106፣ ቆማ 119። ከሁላችንም ትልቁ ቁጥር የእሷ ስለሆነ «አንቺማ ብሶብሻል» አልናት። (እዚህ ላይ ቢያንስ የሒሳብ ሠራተኛዋ ልዩነቱ 13 ብቻ መሆኑን ማስላት ነበረባት ብለን እንስቃለን። ያኔ ግን አልሳቅንም።) የእሷ ልብ የሚሮጠው ስትቆም አልነበረም፤ ሁልጊዜ ነበር። ሌሊት አልጋ ውስጥም። ሙቀት የማትችለው ሻወር ውስጥ ብቻ ሳይሆን ሐምሌ ላይ መስኮት ከፍታም ነበር። በደንብ እየበላች ትከሳ ነበር። ይህን ሁሉ ነግራናለች፤ እኛ ግን የምንሰማው ከእኛ ጋር የሚመሳሰለውን ብቻ ነበር። የደም ምርመራው የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት አሳየ። ያም መድኃኒት አለው፣ ሳይታከም ከቆየ ግን ልብን ይጎዳል። ሁለት ወሯን የወሰድነው እኛ ነን። ጨውም ለሁሉ ሰው አይሆንም፤ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት አደጋ ነው።

እንግዲህ ሐኪሞችን ስንወቅስ ይህ በደላችን አብሮን ተቀምጧል። ያለ ልኬት ስም መስጠት ለካ ክሊኒክ ብቻ የሚሠራው ጥፋት አይደለም። ቢሆንም የምንጠይቀው ነገር አለ። በየክሊኒኩ ካርድ ካወጣን በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው ደም ግፊታችን የሚለካው። የእኛ ሕመም ደግሞ ተቀምጠን አይገኝም። «ስቆም ያመኛል» የሚል ሰው ሲመጣ አስተኝታችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ አቁማችሁ ቁጠሩ። አልጋና ሰዓት ነው የሚያስፈልገው። ነርስ ትችለዋለች። ውጭ አርባ ሰው ተሰልፎ አሥር ደቂቃ ከየት ይምጣ ትሉን ይሆናል፤ እውነት ነው፣ እኛም ከአርባዎቹ አንዱ ነን፣ ቁጢጥ ብለን። ግን ለሻጯ አምስት የታይፎይድ ምርመራና አምስት ዙር መድኃኒት የወሰደው ጊዜ ስንት አሥር ደቂቃ ይወጣዋል?

ከተቆጠረ በኋላ «ጭንቀት ነው» ብትሉን እንሰማለን። ተማሪው ሁለቱም አለበት፤ ፖትሱም ጭንቀቱም፤ ለሁለቱም ይታከማል፣ ለልቡ ፍጥነትም ሐኪሙ አነስተኛ ፕሮፕራኖሎል አዞለታል። የማንቀበለው ሳይቆጠር የሚሰጠውን ነው።

ለአሠሪዎችም አንድ ነገር። የቡቲኩ ባለቤት ሻጮች እንዳይቀመጡ ከልክለዋል፤ «ደንበኛ ሲገባ ተቀምጣችሁ ካገኘ ሰነፍ ሱቅ ይመስላል» ይላሉ። ሻጯ የሐኪም ወረቀት ካመጣች ወዲህ አንዲት በርጩማ ከመጋረጃው ጀርባ ተፈቅዳላታለች። ከመጋረጃው ጀርባ!

የሒሳብ ሠራተኛዋ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ከማኅበሩ አላባረርናትም፣ ቡናውን የምታፈላው እሷ ናት። መድኃኒቷን ከጀመረች ስድስተኛ ወሯ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለጨዋታ ለካናት። ተኝታ 72፣ ቆማ 83። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀናንባት።