ግቢያችንን ከመክደናችን በፊት



ሰሞኑን እንግሊዝ አገር የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ፎቶ ላከልኝ። ከመኖሪያ ቤት ጀርባ የተቀጠለች፣ ጣሪያዋም ግድግዳዋም መስታወት የሆነ ክፍል ናት። «ቲቸር፣ ይሄን እዚህ ኮንሰርቫቶሪ ይሉታል። ጀጎል ያለውን የእናቴን ግቢ እንደዚህ ላሠራላት ነው፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። (የሐረር ልጅ መቼም አስተማሪውንም «አንተ» ነው የሚለው።)

ለሱ በአጭሩ መልሼለታለሁ። ረጅሙን ግን ለሁላችሁም ልጻፈው፤ ምክንያቱም ጥያቄው በየግቢያችን አለ። በመስታወት ባይሆን ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ቆርቆሮ ግቢ መክደን ተለምዷል።

እንግሊዞች ይቺን ክፍል የሚሠሩት ፀሐይ ስለምትናፍቃቸው ነው። ብርሃኑ በመስታወት ይገባል፣ ውስጥ ያለውን ዕቃ ያሞቃል፣ ሙቀቱ ግን እንደ አገባቡ በቀላሉ አይወጣም። ክፍል ውስጥ ግሪን ሃውስ እያልኩ ያሰለቸኋችሁ ነገር እኮ ነው! እዛም ቢሆን «በሙቀቱ ወራት ምድጃ፣ በብርዱ ወራት ፍሪጅ ሆነችብን» የሚሉ ብዙ ናቸው። መስታወቱን አንስተው ድፍን ጣሪያ የሚያስገቡም አሉ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደሞ ያለ ፈቃድ ምንም አይቀጠልበትም።

እኛ ፀሐይ መቼ ቸገረን? የጀጎል ቤት አሠራሩም ሌላ ነው። ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግቢ ያዞራል። ጌይ ጋር ገብታችሁ ነደባው ላይ ስትቀመጡ የሚደርሳችሁ ብርሃን በአብዛኛው ከግቢው በበሩ በኩል የሚገባው ነው። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳም የሳበውን እርጥበት የሚተፋው በነፋሱና በፀሐዩ ነው። ስለዚህ ግቢ ማለት ባዶ ቦታ አይደለም፤ የቤቱ ሳንባ ነው።

ይሄን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት እናቴ በክረምት ከማድ ቤት ወደ ቤት ስትመላለስ እንዳትበሰብስ ብዬ ግቢውን አስከደንኩት። ከደሞዜ ቆጥቤ፣ የቀረውን ተበድሬ፣ በያጅ ጠርቼ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ብረት አስዘረጋሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ጀግና ነው የታየሁት። ከዚያ ቀን ቀን ቤቱ ይታፈን ጀመር። ክረምት ሲገባ አሸንዳው ውሃውን አልችል አለና ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ግድግዳ ላይ ደፋው። ኖራው እየተፈረፈረ ወደቀ። ጭራሽ አዋቂ ሆኜ በሲሚንቶ ለሰንኩት፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ባሰበት።

ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ግቢውን የሚጋሩን አንድ እናት አሉ። አንድ ጠዋት በርበሬያቸውን በስፌድ ይዘው ወደ መንገዱ ሲወጡ አየኋቸው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስለሌለ ነው። አንድም ቀን አልተናገሩኝም። ፀሐያቸውን ወስጄባቸው እኔ «አሳመርኩት» እያልኩ እኮራ ነበር። በሳምንቱ በያጁን መልሼ ጠራሁት። አሁን መሐሉ ሰማይ ነው። በማድ ቤቱ በኩል ብቻ፣ በራሱ እግር የቆመ ጠባብ በረንዳ አለ። እናቴም አትበሰብስም።

«ታዲያ ሙዚየም ሆነን እንኑር?» የሚል አይጠፋም። አይደለም አቦ! ጀጎል መቼም ቢሆን ሲጨምር የኖረ ከተማ ነው። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ህንዳውያን ነጋዴዎች ባለ ፎቅና ባለ በረንዳ ቤት ይዘው መጡ። የኛ ሰው የነሱን ከራሱ ጋር አዋህዶ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ፈጠረ። የራምቦ ቤት የምንለውን ሄዳችሁ እዩት፤ ባለቀለም መስታወት መስኮቶቹን ማን ይጠላል? ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይሄ ቅይጥ ቤትም ከነታሪኩ አብሮ ነው የተመዘገበው። መስታወትም ሆነ አዲስ ነገር ጠላታችን አይደለም። ችግሩ የሰው አገር መልስ ለኛ ጥያቄ ማምጣታችን ነው።

ስለዚህ ለተማሪዬ ያልኩት ይሄን ነው። መጀመሪያ እናትህን ምን እንደቸገራት ጠይቃት። ዝናብ ከሆነ በረንዳ ይበቃል። ጨለማ ከሆነ አንድ መስኮት ሊበቃ ይችላል። መሐሉን ክፍት ተው፣ ሸክሙን በአሮጌ ግድግዳ ላይ አትጫን፣ የውሃውን መሄጃ አስቀድመህ አስብ፣ ልስኑን በኖራ አድርገው። ፈቃድ ሳትይዝ ብረት አትግዛ። ከሁሉ በፊት ግን ጎረቤትን አማክር።

ለሚመለከታቸው ደሞ አንድ ቃል አለኝ። «አትንኩ» ማለት ብቻውን ቤት አያድንም። የቤተሰቡ ቁጥር ይጨምራል፣ ጣሪያውም ያፈሳል። ለግቢያችን የሚሆኑ ሦስት አራት ዓይነት የበረንዳ ንድፎች ተዘጋጅተው፣ ፈቃዱም ሳይጓተት ቢሰጠን፣ ማን በሌሊት በያጅ ይጠራ ነበር?

ዲፕሎማዬ የፊዚክስ እንጂ የግንባታ አይደለም፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ግቢያችሁን የከደናችሁ ግን ዛሬ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ጎረቤታችሁ በርበሬውን የት ነው የሚያሰጣው?