«የለም» እና «እኔ አላየሁም» ይለያያሉ

ደመወዛችን፣ የባንክ ሒሳባችን፣ የሕክምና ካርዳችን እየተመዘገበ ያለው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዳታቤዙ ሲጠየቅ እንዴት ይመልሳል የሚለው ጉዳይ ለአይቲ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበትን ፖስትግረስን እንውሰድ። በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ሠንጠረዦች «ስኪማ» በሚባሉ ክፍሎች ተለይተው ይቀመጣሉ። «ደመወዝ» የሚባል ሠንጠረዥ በሁለት ስኪማ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስኪማ እንደ አባት ስም ነው፤ «አበበ» ብቻ ካላችሁ የትኛው አበበ እንደሆነ አይታወቅም።

ባለሙያው ፒኤስኪውኤል በተባለው የትእዛዝ መስኮት «ሠንጠረዦቹን ዘርዝርልኝ» ሲል፣ መሣሪያው የሚያየው «ሰርች ፓዝ» በተባለው የፍለጋ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ስኪማዎች ብቻ ነው። ስመ ሞክሼ ሠንጠረዦች ካሉ በዝርዝሩ የቀደመውን አሳይቶ ሌላውን ያስቀራል። የሚያሳየውን ስኪማ በጎን ይጽፋል፤ ያስቀረውን ግን አይናገርም። ከዝርዝሩ ውጪ መቶ ሠንጠረዥ ቢኖር እንኳ መልሱ «ምንም አልተገኘም» ነው።

ይህን መልስ ያመነ ሰው «መረጃው የለም» ብሎ ለአለቃው ሊጽፍ ይችላል። የስኪማውን ስም ሳይጠራ «ሰርዝ» ያለ ደግሞ ያላሰበውን ሠንጠረዥ ሊያጠፋ ይችላል። የደኅንነት ጣጣም አለው። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ክፍተት አንድ ተጠቃሚ ሁሉም በሚጋራው ስኪማ ውስጥ ስመ ሞክሼ ነገር ፈጥሮ የሌላውን ሰው ትእዛዝ እንዲጠልፍ ያስችል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው 15ኛው ቅጂ፣ በአዲስ ዳታቤዞች ላይ ማንም ተጠቃሚ በዚያ ስኪማ እንዲፈጥር በነባሪ ይሰጥ የነበረውን ፈቃድ አስቀርቷል። ዝርዝሩ የሚታይበት መንገድ ግን አልተለወጠም።

ባለሙያዎች «ኮከብ ነጥብ ኮከብ ብለህ ጠይቅ፣ ሁሉንም ያሳይሃል» ይላሉ። እውነት ነው፤ የዳታቤዙን የውስጥ ሠንጠረዦች ጭምር ያዘንብልሃል። ነገር ግን የተደበቀ ነገር መኖሩን ያላወቀ ሰው ይህን ለመጠየቅ ከየት ይነሳል?

ሁሉም ነገር ስክሪኑ ላይ ይፍሰስ አላልኩም። የምጠይቀው አንድ መስመር ነው፦ «በሌሎች ስኪማዎች ውስጥ ይህን ያህል ሠንጠረዥ አለ፤ ከእነሱም ይህን ያህሉ ስመ ሞክሼ ናቸው»። ሲሰረዝ ደግሞ ስሙ ከአንድ በላይ ቦታ ካለ፣ መሣሪያው «የማን ልጅ?» ብሎ ይጠይቅ። መዝገብ ቤት ያለ ሠራተኛ አንድ መደርደሪያ ብቻ አይቶ «ፋይልህ የለም» ቢለን ዝም አንልም። ከማሽንም ከዚያ ያነሰ መቀበል የለብንም።